ደብዳቤውን ያመጣችው

ሳልሚያ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ቀትር ከመስኮቱ ተለጥፎ፣
ያልተተኮሰው ልብስ ተቆልሏል፣ እጅጌ በእጅጌ ተቃቅፎ።
ሙዲ ፈተና አለባት፤ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣
የእንግሊዝ ልቦለድ ታነባለች፣ ጮክ ብላ፣ እኔ እንድሰማ።
«አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሽ የለ፤ ካልገባሽ ጠይቂኝ።»
ሸሚዝ እየገለበጥኩ «ቀጥዪ» እላታለሁ፤ «አትጠብቂኝ።»

አንድ ባለ ወፍጮ አለ፣ ዕዳው እስከ ጢሙ የደረሰ፣
ካበዳሪው ጋር ሻይ ሲጠጣ ልጁን በዓይኑ የጠቀሰ።
ልጅቷ ሦስት ስም አላት፤ መሬት ግን ስንዝር የላት፤
ቦይ የሚቀይስ ደሃ ትወዳለች፤ ያስለቅሳታል ዝናብ ሲዘንብላት።
ልክ እንደ እኛ ቀበሌ! ዝናቡ ብቻ ነው የባዳ፤
ያው አባት፣ ያው ሽምግልና፣ በሴት ልጅ የሚወራረድ ዕዳ።

ለእኔም መጥተው ነበር፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣
ሁለት በሬ ከነቀንበሩ በእኔ ዕድሜ ልክ አስልተው።
ከአንድ ቤት ሸሽቼ አንድ ቤት ገባሁ፤ ቁልፉ ነው የተለወጠ፤
ፓስፖርቴ በእመቤቲቱ መሳቢያ ከሽቶዎቿ ጋር ተቀመጠ።

ሙዲ ገጽ ትገልጣለች። ቀያሹ ለልጅቷ ጽፏል፤
«ገረዷ ደብዳቤውን በብር ሰሃን ይዛ ገባች» ይላል፤ መስመሩ ያልፋል።

ካውያውን አቆምኩ።
«ቆይ። የገረዷ ስም ማነው?»
ወደ ኋላ ገለጠች፣ ወደ ፊት ገለጠች።
«አልተጻፈም።»
«ማንንስ ትወዳለች?»
«ፈተና ላይ አይመጣም» አለችና ሳቀች።
ከዚያ ሳቋን ዋጠች።

እሷም ከፈተናው ማግስት ለአጎቷ ልጅ ትሰጣለች፤
ሌሊት ግን የሌላ ልጅ ድምፅ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ታዳምጣለች።
አውቃለሁ። አንሶላ የሚያነጥፍ የማያውቀው ምን አለ፣
እንባና ኩል አንድ ላይ ትራስ ላይ ካርታ እየሳለ?
ባለፈው ሐሙስ ከሱቅ ስመለስ፣ ከዳቦው ከረጢት ሥር፣
የተጣጠፈ ወረቀት ነበር፤ አልገለጥኩትም፤ የሰው ምሥጢር።
ቢደረስብን እሷን ይቆጧታል፤ እኔን አውሮፕላን ይጭነኛል፤
የአራት ወር ደመወዜን ከሰማይ ማን ይሰጠኛል?

መጽሐፉ ሲያልቅ ሠርግ አለ፤ ደወል፤ ዕዳው ተሰረዘ።
ማንን አገባች? አልነግራችሁም። የሙዲ ድምፅ ፈዘዘ።

ሌሊት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ያቺን ገረድ አሰብኳት፤
ሰሃኑን አስቀምጣ በጓዳ በር ስትወጣ ተከተልኳት።
ኮረብታ አለ። ጭቃ አለ። ጫማዋ ውሃ ያስገባል።
ሰው ይጠብቃት እንደሆን አላውቅም፤ ነፋሱ ግን ስም ያስጠራል።
እኔ ስሸሽ በፈንታዬ በሬዎቹ የወሰዷት፣
ታናሽ እህት ነበረችኝ፤ የእሷን ስም ሰጠኋት።

ጠዋት አቧራ ስጠርግ፣ በሙዲ እርሳስ፣ አቅጥኜ፣
ከመስመሩ ጎን ጻፍኩት፤ «ደብሪቱ»፤ በሩ እንዳይከፈት ለምኜ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ማታ፣ ጣቷን አሳርፋበት።
«እሱ?» አልኳት፣ አንገትጌ እያቃናሁ፣
«ፈተና ላይ አይመጣም።»