የላላውና የጠበቀው

ጥቅምት ሊወጣ ሲል ዳንግላ ደረስሁ፣
የካርዴን ሣጥን አቅፌ ከባጃጅ ወረድሁ።
ርዕሰ መምህር ቢተው ቁልፍ ይዞ ጠበቀኝ፤
«ቢሮ እንኳ የለንም፣ ዕቃ ቤት ነው» አለኝ።
እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የተነፈሰ ኳስ፣ የቾክ ካርቶን፤
እዚያ ተቀመጥሁ፣
የልጅ አፍ ልመዝን።

ሣጥኑ የሰው ነው፣ ከሩቅ አገር የመጣ።
ባቡሩን አውጥቼ ባጃጅ ሣልሁበት፣
የበረዶውን ሰው ትቼ የገብስ ነዶ፤
ቁጥሩን ግን አልነካሁም።
በሌላ ልጅ ወገብ የተለካ ቀበቶ
እዚህ ልጅ ላይ ጠብቆ፣ ወይ ደግሞ ላልቶ፣
ምን ይባላል?
ልጁ ከሳ? ቀበቶው ረዘመ?

መጀመሪያ የገባችው ይታይሽ ነበረች፤
ከገጠር ቀበሌ አክስቷ ዘንድ የመጣች።
የመምህርቷ ማስታወሻ አንድ መስመር ነው፦
«አትናገርም። ምላሷ የታሰረ ነው።»
አምና ጠበል ወሰዷት፣ ዘንድሮ ወደ እኔ።
ካርድ አንድ፤ ዝም።
ካርድ ሁለት፤ ዝም።
ጥፍሯን በጥፍሯ ትፍቃለች።
ሃያ ካርድ ገለጥሁ፣ ሃያ ዜሮ ጻፍሁ፤
እርሳሴ መዞር ለመደ፣ እኔም አልከለከልሁ።

ዘበኛው ጋሽ ደርሰህ ዶማ ፍለጋ ገባ፤
ጎንበስ ብሎ ካርዱን አየና
አንድ ነገር አላት፣ በአውኚ።
ሳቀች።
ከዚያማ ማን ያቁማት!
ባጃጁ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደጫነ፣
ሾፌሩ ለምን እንደተቆጣ፣ በሬው በየት እንደሸሸ፤
እሱ በሳቅ እያነባ ይተረጉምልኛል።
ከሦስታችን መሐል ዲዳዋ እኔ ሆንሁ።
ወረቀቴን አየሁት፦ ሃያ ዜሮ፣
ሃያ የማይሰማ ጆሮ፤
ሁሉም የእኔ።

ከሰዓት አንማው መጣ። እሱን ማንም አልላከው፤
ሥዕል ልየው ብሎ ነው በራሱ የገባው።
«ለፍላፊ ነው» ይሉታል፣ «ወሬ አይደክመውም፣
ትምህርት ነው የሚደክመው።»
እውነትም ይለፈልፋል፦
«ያ እንትን፣ እንትኑን፣ እንትን አደረገው!»
ሰው ይስቃል። እሱም ቀድሞ ይስቃል፣
ሳቁን እንደ ጋቢ ይከናነባል።

ካርድ አሥራ አራት። ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን፤
አንዱ ልጅ ዱላ ይዟል፣ በአንዱ ላይ ዱላ ያርፋል።
«ልጁ ይመታል» አልሁት፣ አላልቼ።
«ልጁ ይመታል» አልሁት፣ አጥብቄ።
ፊደላችን እዚህ ጋ ዝም ይላል፣
ሁለቱን በአንድ ልብስ ይሸኛል፤
የሚለየው ጆሮ ነው።
አንማው ዱላ የያዘውን ጠቆመ። ሁለቴም።
ደገምሁ። ዱላ የያዘውን።

ማዶ ደብሩ ጥግ የቅኔ ተማሪ
ከአንድ ቃል ሁለት ሲፈለቅቅ ይውላል፤
እዚህ አንድ ልጅ
ከሁለት ቃል አንዱን ብቻ ይሰማል።

ትርጉም የሌለው ቃል አመጣሁ፦
«ሙጌሳ» በል። «ሙጌሳ።»
«ደቡቂና» በል። «ደቡ... ደቂ...» ሳቀ።
«ቶለመጊሻ» በል።
አልሳቀም።
ጣሪያውን አየ፣
ቃሉ ከቆርቆሮው ሥር ተንጠልጥሎ እንደሆነ።

ቅጹ ላይ «ውጤት» የሚል ጠባብ ሣጥን አለ።
ከይታይሽ ስም ፊት «ፈታኟ ወደቀች» ብዬ ጻፍሁ፤
ከአንማው ስም ፊት እርሳሴን አቆምሁ።
መምህር ቢተው በትከሻዬ አጮለቀ፦
«እሱ ደግሞ ምን ሆነ? ከሁሉ የሚያወራ!»
አምስት ዓመት በዚህ ግቢ አወራ፤
አምስት ዓመት ሁላችንም ሳቅን።

ዕቃ ቤቱ ተቆለፈ። ሣጥኔን ተሸክሞ
እስከ ባጃጁ ሸኘኝ።
«ነገ...» አለ፤ ቆመ፤ ፈለገ፤
«ነገ መጣሽ?»
ከካርዶቼ በአንዱም ላይ የሌለ ጥያቄ።
«ነገ እመጣለሁ» አልሁት፣
ቀስ ብዬ፣ እንደሚሰበር ዕቃ፣ «እ...መጣ...ለሁ።»
ከንፈሬን አየ። «እመጣ...» አለ።
ባጃጁ ተነሣ፤
የቀረውን አልሰማሁም።