የጎደለችው ሳድስ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከቆርቆሮው ጣራ፣
ካሜራዬን ተከልኩ፣ ፊቱን ወደ ጦሳ፣ ወደዚያ ተራራ፤
እግሩን በድንጋይ፣ ወገቡን በገመድ
አሰርኩት አጥብቄ፣ ነፋስ እንዳይወስድ።

አራት ጥቅል ፊልም ነው የተገኘው፣ በልመና፣ በሰው፤
በሠላሳ ስድስት ሲባዛ፣ መቶ አርባ አራት ነው።
በየአራት ደቂቃው አንድ ጠቅታ፣
ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ።

ታች፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሉባባ ቆማለች፣
አረንጓዴ ሻሿን ጣል አድርጋለች።
«ዘፈንሽን» አልኳት፣ «በፊደል ቆርሰን፣
ለያንዳንዱ ምስል አንድ አንድ አጉርሰን
ቀኑን እንዘልቃለን።»

ራብዕ ሲሆን እጮሃለሁ፦ «ክፈቺ!»
ካዕብ ሲሆን፦ «አሞጥሙጪ!»
ሳድስ ሲሆን፦ «ግጠሚው፣ እንዳትስቂ፣
እስክልሽ ጠብቂ!»

መንገደኛው ቆመ፤ ዘንቢል ያንጠለጠለች፣
አንዷ ጠጋ ብላ ጓደኛዋን አለች፦
«ኧረ በጀሊሉ፣ ይቺን ልጅ ምን ነካት?
መንጋጋዋን ያዛት?»
«ቅብጠት ነው፣ ተያት።»

ባጃጁ ያልፋል፣ ሚኒባሱ ያልፋል፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ይውጣል፣
ሲሰለቸው ደግሞ መልሶ ይተፋል።
ሉባባ ግን እዚያው፣ በ«ሳ» አፏን ከፍታ፣
ብርድ ትጎርሳለች በዘፈኑ ፈንታ።

ከፊት ለፊት በረንዳ፣ አያ ይማም ጓንጉል
በሲንጀር መኪናው ሱሪ ያሳጥራል።
ጆሮው ከደከመ ዓመታት ሆኖታል፤
የደንበኛን ወገብ በሜትር፣ ቃሉን በከንፈሩ ይለካል።
ፔዳሉን ይረግጣል። ቀና ይላል። ያያል።
አንድ ስፌት፣ አንድ ፊደል፤
አንድ ስፌት፣
አንድ ፊደል።
እኛ ልብ አላልነውም።

መሸ። የመጨረሻዋ ፊደል ጠቅ አለች።
ሉባባ መንጋጋዋን በሁለት እጇ እያሸች
ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

አያ ይማም መንገዱን ተሻግሮ መጣ፣
አንገቱ ላይ ሜትር፣ ግንባሩ ላይ ቁጣ።
«ዘፈንሽ ያምራል፣ ልጄ» አላት ቀስ ብሎ።
(ከጧት ጀምሮ፣ ካለፈው ሁሉ ሰው፣
ዘፈን መሆኑን ያወቀ እሱ ብቻ ነው።)

«አንተ ግን!» ወደ እኔ ዞረ፤
«ቀትር ላይ፣ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ እጅህን ከትተህ፣
ፊልም ስትቀይር አጎንብሰህ፣
‹አልረሳህም› ስትል፣ ‹ም› አመለጠችህ።
እሷስ ብላታለች፤ አንተ አልያዝካትም።
አሁን እዚያ ሳጥንህ ውስጥ
‹አልረሳህ…› እንዳለች አፏን ከፍታ የቀረች ሴት አለች።
ጠርዙ ያልተዘመዘመ ልብስ
አንድ ቀን ይተረተራል።»

ቆጣሪውን አየሁ። ሠላሳ አምስት።
አንዲት ምስል፣ ከፊልሙ ጫፍ፣
ጾሟን ተቀምጣለች።

ጦሳ የለም። ጉሙና ጨለማው አንድ ሆነዋል።
አያ ይማም ባትሪውን ከኪሱ አወጣ፣ ፊቷ ላይ አበራ።
ሉባባ ከንፈሯን ገጠመች።

ም።

ጠቅ።

ያ ሁሉ ቀን ሲሰፋ አሥራ ሁለት ሴኮንድ ወጣው፤
ጉሙ እንደ ወተት ሲገነፍል፣
ባጃጁ እንደ ቁንጫ ሲዘል፣
አንዲት ሴት መሀል ላይ ሳትነቃነቅ ስትዘፍን።
ከዚያ፣ በጠራራው ቀትር፣
ከ«ህ» ቀጥሎ፣
ድንገት ሌሊት ይሆናል፤
ዓይን ሳይከደን ያልፋል፦
የተገጠመ ከንፈር፣
ከዳር ባትሪ የያዘ እጅ፣
የሜትር ጫፍ።

ያየ ሁሉ «ስህተት አለበት፣ ቁረጣት» ይለኛል።

አያ ይማም ግን በረንዳው ላይ ሆኖ፣
ድምፁን ሳይከፍት ተመለከተው፤
እዚያች ሌሊት ላይ ሲደርስ፣
ስፌት ጨርሶ ክር እንደሚበጥስ ሰው
ጥርሱን ገጠመ።