ክፍት ቦታ

አራት ኪሎ፣ ከሰሌዳው ፊት፣
አንገት ባንገት ተደራርቦ፣
ቆሞ ያነባል ሥራ ፈላጊ
ቁርሱን ትቶ፣ ፊደል ተርቦ።
"ክፍት ቦታ" ይላል ወረቀቱ፣
ሙጫው እንኳ ገና ያልደረቀ፤
"የሳይበር ደህንነት መሐንዲስ፣
ብዛት፦ አንድ።"
ዓይኔ ከዚያው ላይ ወደቀ።

ዲግሪ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ፤
አምስት ዓመት የሥራ ልምድ፤
(ሁለቱ አለኝ፣ ሦስቱን ታዲያ
ከየትኛው ማሕፀን ልውለድ?)
ኔትወርክ ማወቅ፣ ፓይተን መጻፍ፣
ፋየርዎል ማዋቀር፣ ሎግ መመርመር፣
ሌሊት ስልክ ሲጠራ መንቃት፣
የሰሙትን ምስጢር መቅበር።
ሰርተፍኬት ያለው ይመረጣል።
መፈተኛው በዶላር ነው፤
የኔ ደሞዝ በብር ሆኖ
እሱም ሃያ ቀን ነው ዕድሜው።

ሙክታር፣ አብሮኝ የተመረቀው፣
መስመሩን በጥፍሩ ነካና፣
"'በቡድን መሥራት የሚችል' ይላል፤
ብዛቱ አንድ አይደል?" አለና
ሳቀ።
እኔ ፎቶ አነሳሁት።

ገዳም ሰፈር፣ መብራት ሲሄድ፣
በላፕቶፔ የባትሪ ጭላንጭል፣
እንደ ዳዊት ደጋገምኩት
የፖርቱን ቁጥር ቃል በቃል፤
ሃያ ሁለት፣ ሰማንያ፣
አራት መቶ አርባ ሦስት፤
የሚዘጋውን፣ የሚከፈተውን።
እህቴ የሎተሪ ዕጣ መስሏት
ትጽፍ ነበር ቁጥሮቹን።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰንጋ ተራ፣
ከተባልኩበት ሕንጻ ደረስኩ፤
መስታወቱ ሰማይ ለብሷል፣
ከራሴ ጋር ተፋጠጥኩ።
ከፊቴ አንድ ኬክ የያዘ ሰው
እጆቹ ሞልተው መጣና፣
ዘበኛው፣ ጋሽ ደርጋሶ፣
በሩን ያዙለት በትሕትና።
ማነህ አላሉት፤ ደሞስ ቢሉ
ኬክ ተሸክሞ ማን ይሰርቃል?
ሊፍቱ ዋጠው። ሰባተኛ ፎቅ፣
ስምንተኛ፣ ከዚያ ማን ያውቃል።
የኔን ቦርሳ ግን በረበሩት፣
መታወቂያዬን ገለበጡት፣
ቻርጀሬን እንደ እባብ ግልገል
በጣታቸው ጫፍ ነካኩት።

አራት ሆነው ጠየቁኝ።
ኢንክሪፕሽን? መለስኩ።
ሌባ ሲስተም ውስጥ ቢገኝ፣
የመጀመሪያዋ ሰዓት? ዘረዘርኩ።
አንዷ ጥያቄ ግን ጠፋችኝ፤
ላብ በጀርባዬ ወረደ፤
"አላውቀውም" አልኩ በቃ።
የወይዘሮ ጥሩወርቅ ብዕር
ወረቀቱ ላይ ሄደ።
በመጨረሻ አቶ ሽመክት፣
"እኛን ልትዘርፊ ብትነሺ፣
ከየት ነው የምትጀምሪው?" አሉ፣
"ጊዜ አለሽ፤ ረጋ በዪ፣ አስቢ።"
ከኔትወርኩ? ከኢሜይሉ?
ከረሱት አሮጌ ሰርቨር?
ጭንቅላቴ ሲሯሯጥ ሳለ
ትዝ አለኝ ያ ሰው፣ ያ በር።

"ኬክ እገዛለሁ" አልኩ።

ዝም አሉ። አንዱ ሳል ጀመረ።
"'ክፍት ቦታ' ስትሉ ሰሌዳ ላይ
እኔ የመሰለኝ ሥራ ነበረ፤
ለካ ታች ነው፣ ከደጃችሁ።
ጋሽ ደርጋሶን ግን አትቅጧቸው፤
ደግ መሆን ጥፋት አይደለም፤
ከደግነት ጋር የሚሄድ ደንብ
እስከ ዛሬ ማንም አልሰጣቸውም።"

"እንደውልልሻለን" አሉኝ።

ስወጣ ጋሽ ደርጋሶ ጠሩኝ፣
ጢማቸው ጫፍ ላይ ክሬም አለ፤
"የሆነ ሰው ልደት ነው መሰለኝ፣
ላንቺም ቁራሽ ተከፍሏል" አሉ፣
በናፕኪን ጠቅልለው ሰጡኝ።
"ኬኩን ያመጣው ልጅ ማነው?" አልኩ።
ወደ ሊፍቱ ዞር አሉና፣
"እንጃ ልጄ፣ ገና አልወረደም።
ብዪ እንጂ፣ ይጣፍጣል" አሉኝ።