ቀለም የፈሰሰበት ቃል

መምህርት ኩራሞቺ መዝገበ ቃላታችንን ከየጠረጴዛው ለቅማ
በር ሥር ካለው የጃንጥላ ባልዲ ጣለችው፣ እንደ አሮጌ ጫማ።
ከዚያ አንድ አንድ ገጽ አደለችን፣ የእንግሊዝኛ ተረት፣
በየመሐሉ አንዳንድ ቃል ጥቁር ቀለም የፈሰሰበት።

ሠላሳ አንድ ነበርን። ሠላሳ አንድ አንገት ተደፋ።
ዝም ማለት ይሻላል፣ ስም በቀይ እስክሪብቶ ከሚጠፋ።

"እናንተ" አለች፣ "አየር ማንበብ የምታውቁ!
እናታችሁ ሰሃን ስታስቀምጥ ከኳኳታው ቁጣዋን የምትለኩ፣
አባታችሁ 'እሱን…' ብሎ ሲተው፣ ሳይጨርስ፣
ጨው ይሁን ፎጣ፣ የምታቀብሉት እጁ ሳይደርስ፤
አንዲት የባዕድ ቃል ምን ታደርጋችኋለች?
ግራ ቀኟን ጠይቁ። ጎረቤት አላት፤ ትታማለች።"

አነበብን።
"ማለዳ ነው። ባሕሩ" — ጥቁር ነጥብ — "ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተጋደሙ።
ልጆች ዛጎል ሊለቅሙ ወረዱ፤ ወፎች ግን ቀደሙ።"

"ተኛ" አለች ቺጉሳ፣ ለራሷ ያህል፣ በሹክሹክታ።
"ሰከረ" አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ተመታ።
መምህርትም ሳቋን ውጣ፣ "እስቲ ጠይቁት ጭቃውን፤
ትናንት ማን አልብሶት ነበር? ዛሬስ ማን ወሰደው ልብሱን?"

ሪኩያ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ከሰሜን መጥቶ አጎቱ ቤት ከተጠጋ ሁለት ዓመቱ፣
ድምፁን ገና ያልለየነው ልጅ፣
እጁን ሳያወጣ፣

"ሸሸ" አለ።
"ባሕሩ ሸሸ። ወለሉ ታየ። ዓሣው መሬት ላይ ይዘል ነበር።
አያቴ ባልዲ ይዞ ወረደ።"

ገጹ ላይ ዓሣ የለም።
አያትም የለም።

ማንም ወንበሩን አላንቀሳቀሰም።
የመምህርት ዓይን በሩ ሥር፣ ባልዲው ላይ ቀረ፤
ያዘጋጀችው ማብራሪያ ጠመኔዋ ውስጥ ታሰረ።
ሄዳ አጠገቡ በርከክ አለች። ቀይዋን እስክሪብቶ አወጣች።
መልሱ ላይ ክብ ሠራችለት
(በእኛ ዘንድ ክብ ማለት "ልክ ነህ" ማለት ነው)፤
እጇ ስለተንቀጠቀጠ ግን
ጫፍና ጫፉ ሳይገናኝ ቀረ።

ቃሉ "ኤብ" ነበር። ሦስት ፊደል።
ከዚያ ወዲያ ብዙ ቃል አጠናሁ፣ ብዙውንም ረሳሁ፤
ይቺ ግን አልወጣችም።

ባለፈው ሳምንት፣ የልጄን የቤት ሥራ ሳይ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለግኋት።
"የባሕር ውሃ ከዳርቻው ወደ ኋላ መመለስ" ይላል።
ልክ ነው።
ዓሣውን ግን አይጠቅስም።