ወለል

ጣና ዳር ሆቴል ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣
የደመወዝ ወለል ወግ ሆኖ ሲብላላ፣
“ከፍ ካለ” ሲል አንዱ “ፋብሪካ ይዘጋል፣”
“ካላለስ?” ሲል ሌላው “ሰው በምን ይዘልቃል?”
እኔ ያንን ወለል እወለውላለሁ፣
እግር ሲያነሱልኝ ከሥሩ አልፋለሁ።

ማታ ለይታይሽ ይህንኑ ባወራ፣
ሰምቶናል ቆርቆሮው፤ ሰማዩ ሳይጠራ
እትዬ ስንዱ መጡ፣ በሩን ቆረቆሩ፤
“ደሞዝ ሊጨምር ነው? እሰይ! ይጨምሩ!
እንግዲህ ኪራዩም ሦስት መቶ ይታከል።”
በሩን ትተው ሄዱ ክፍት፣ ብሎ ወለል።

የሽምብጥ ክፍላችን ወለሉ አፈር ነው፤
ክረምት ጣና ሞልቶ ከሥር የሚያርሰው።
ይታይሽ ጆንያውን ደጅ ላይ እየጨመቀች፣
“እስካሁን ውሃው ነው የጨመረው” አለች።