የጠርሙሱ ስም

ሦስት ሆነው መጡ፣ ጃኬት በክንዳቸው፤
ማለዳ ደሴ ላይ ያለበሳቸው ብርድ
ከመንገድ ጥሏቸው ቀርቷል፣ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ።
ጦይባ፣ ይመር፣ ትርንጎ።
ከዲኑ ቢሮ የተጻፈች ግማሽ ገጽ ይዘዋል፣
«በውሃ ምርምር ቤተ ሙከራ ተመድበዋል።»
ማኅተሟ ደብዝዟል። ቀለም አልቆ ነው፤ አውቃለሁ፤
ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የዚህን ቤት ቁልፍ ይዣለሁ።

ዶክተር አይደለሁም። ቴክኒሻን ነኝ፤
ነጭ ጋዋኔ ኪሱ የተቃጠለ፣
አሲድ የፈረመበት፣ አዝራሩ የጎደለ።
የመጀመሪያውን ትምህርት ግን የማስተምር እኔ ነኝ፤
ሌላውን ዶክተሩ ይዞ፣ ይህችን ለእኔ ተወልኝ፦

ጠርሙስ ስም ከሌለው፣ የያዘው ውሃ አይደለም፣ ጥርጣሬ ነው።
የት ተቀዳ? ከድልድዩ በላይ ወይስ ከፋብሪካው በታች?
ማን ቀዳው? በስንት ሰዓት? ቦርከና ጎድላ ወይስ ሞልታ ነበረች?
በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይክዳል፤
ትዝታ ከእስክሪብቶም ይብሳል፣ ሳይነካም ይደበዝዛል።

ይመር ሳቀ።
«ቦርከናማ ምስክር አትሻም፣ በሽታዋ ትታወቃለች» አለ።
ልክ ነው። ግን ሽታ ችሎት አይቀርብም፣ ቁጥር ነው የሚቀርበው፤
ይህን የነገርኩት እጅጌው የረዘመውን ጋዋን ሳለብሰው።

ትርንጎ ከጥጉ ጠረጴዛ ቆመች፤
ዙሪያው ገርጥቶ መሀሉ ያልገረጣ አራት ማዕዘን እያየች።
«እዚህ ምን ነበር?»
መሣሪያ ነበር። ብርሃን በውሃ አሳልፎ የሚመዝን፤
በዚያ ዓመት ሄደ፣ በማን ትከሻ እንደሆነ እንጃ፣
ከመስኮቱ ጋር፣ ከመዝገቡ ጋር፣ ከበሩ መቀርቀሪያም ጋር።
ቀለም ቀቢዎቹ ሲመጡ «ይህችን ጥግ ተዉልኝ» አልኩ።

አሁን የምንለካው ደሴ ነው፤
በየማክሰኞው ጠርሙስ አቅፈን ሐረጎን እንወጣለን፤
ረዳቱ «ማር ነው?» ሲለን
«ቅመስ» እንለዋለን።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ።
ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከታች፣ ከኋላ፣
አንዲት ጠርሙስ ነበረችኝ፣ በሌሎች የምከልላት፤
የሸጋው እጅ ጽሑፍ አለባት።
«ቦርከና፣ ከድልድዩ በታች። ጥቅምት አሥራ ስድስት። ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል።»
«ነገ እለካታለሁ» ብሎ አስቀመጣት።
በነጋታው መንገዱን ሕዝብ ሞላው፤
ሸጋው በየት በኩል እንደሄደ፣ ያየ ሰው አልገጠመኝም።
የድሮውን ማቀዝቀዣ የወሰደው ሰው፣ ማንም ይሁን፣
ጠርሙሷን አውጥቶ ወለሉ ላይ ትቷት ሄዷል።
ውሃ ምን ያደርግለታል?

ለሳይንስ ከሞተች ቆይታለች። እኔ አጣሁት?
ግን እጄ ሊደፋት ይሄድና
ክዳኗን ነክቶ ይመለሳል።

ሐሙስ ከምሳ ስመለስ
ጠርሙሷ ታጥባ፣ ማድረቂያው ላይ ተደፍታለች፤
ንጹሕ፣ ፀሐይ ገብቶባት፣ ታበራለች።
ጩኸት ጉሮሮዬ ደረሰ።
ጦይባ እጇን በጋዋኗ እያበሰች
«አብሽር ጋሼ፣ ሳልመዘግብ አልደፋኋትም» አለች።

አዲሱ መዝገብ። ገጽ አንድ። በእርሳስ፦
ቦርከና፣ ከድልድዩ በታች፣ ጥቅምት አሥራ ስድስት፣
ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል።
የቀዳው፦ ሸጋው።
ውጤት፦ አልተለካም።
ያጠበችው፦ ጦይባ።
ምክንያት፦ ጠርሙስ አንሶን።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት የለውም።
ቁጭ አልኩ፣ መነጽሬን አወለቅኩ፤
የአሲድ ሽታ ነው አልኳቸው። ዝም አሉኝ።

ማክሰኞ ያችኑ ጠርሙስ ይዘው ወረዱ፤
ይመር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ገባ፣
ትርንጎ ሰዓቷን አየች፣ ጦይባ ክዳኑን ያዘች።
እኔ ከዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣
ኪሴን ዳበስኩ፤
«እርሳሱስ?» ብዬ ልጮህ ስል
ከጆሮዋ ጀርባ መዘዘችው።