መሐሉ ይደንዝ

አባቴ ኤይኖ፣ የመጋዝ ጥርስ ሞራጅ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሞረድ ያልተለየው እጅ።
«ዶልዱም ብረት» ይል ነበር፣ «የሰነፍ ምስክር ነው፤
ሳይጠይቁት ተናግሮ፣ ባለቤቱን የሚያጋልጠው።»
ሲሞት የተወልኝ አንዲት ሞረድ ናት፤
የበርች እጀታዋን ላቡ ያጠቆራት።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤
የኩኦፒዮ ሰባት ቁጥር፣ ሌሊቱ የደረሰኝ።
በዚህ ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ከመጋዝ ቤቱ ጀርባ፣
ከልጆች ሰልፍ መሐል፣ ሰሌዳ ይዤ የምገባ።
ኮረብታ ብሎ መጥራት እሷን ማክበር ነው፤
ከግርጌ እስከ አናቷ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ገመዱ የሚፈጀው።
ከታች ሐዲድ አለ፣ ባቡር አይቶ የማያውቅ፣
ስድስት ሜትር ብረት፣ ብርድ የጠጣ፣ የሚያብረቀርቅ።
ልጆቹ «አክስት» ይሉኛል፤ በመልካም ልብ ይመስለኛል።
ተራዬ ሲደርስ ግን ሁሉም ዝም ይላል።

ቅዳሜ ሲነጋ፣ ተመልሼ ከሥራ፣
ሰሌዳዬን በጎኑ አሰርኩት ከጠረጴዛው ጋራ።
ጠርዙን በጥቁር ቀለም እንደ ዓይን ኳልኩት፤
ቀለሙ እስኪጠፋ፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሞረድኩት፤
ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ ተመልሶ አይፋቅም፤
በአባቴ ቤት ሞረድ ወደ ኋላ አይሄድም።
በጥፍሬ ሞከርኩት። ጥፍሬን ላጨው።
አባቴ ቢያይ ኖሮ፣ ራሱን ነቅነቅ ነበር የሚያደርገው።
ሰሙንም አቅልጬ በካውያ ቀባሁት፤
(ወርቅ የሌለው ሰም ነው፤ ብፈልግ ብፈልግ፣
መንሸራተት ብቻ ነው ያገኘሁት።)

እሑድ ዘለልኩበት። ሰሌዳው ተጋደመ፣
ከሐዲዱ ጋር መስቀል ሠርቶ ለአንድ አፍታ ቆመ።
ከዚያ ነከሰ።
ውሻ አጥንት እንደሚይዝ፣ ጠርዙ ሐዲዱን ያዘው፤
እኔን የያዘኝ የለም። በአፍጢሜ ነው።
ሦስቴ። በአራተኛው ቅልጥሜ አበጠ፤
ከሰልፉ አንዱ ልጅ ሳቁን ዋጠ።

ፒህላ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ በሽቦ የታሰረ።
ሰሌዳዬን ገለበጠችው፤ አውራ ጣቷ ጠርዙን እየዳበሰ ዞረ።
«ይኼ ምላጭ ነው» አለች። «ማነው የሳለልሽ?»
«እኔ።»
«ቆንጆ ነው። ግን እሱ ነው የሚጥልሽ።
የረጋ በረዶ ላይ ስለት ነፍስ ያድናል፤
ሐዲድ ላይ ሲወጣ ግን፣ ብረት ካየ ይናከሳል።
ከእግርሽ ሥርና ከእግሮችሽ መሐል አደንዝዢው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ስለቱን እንዳለ ተዪው።
ደግሞ እግርሽን አትዪ፤ ሰሌዳሽን ዘርጊው፤
ዓይንሽን አስቀድመሽ ከሐዲዱ ጫፍ ትከዪው።»

ይኼንንስ አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ክረምት፣ በመስተዋት መንገድ፣
ጉድጓድ ያየ ሹፌር ወደ ጉድጓድ ነው የሚሄድ።

ማታ ሞረዷን ያዝኩ። ያዝኩና አስቀመጥኩ።
አጠገቧ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ።
በአባቴ ቤት ብረት፣ የአባቴን ቃል ላፈርስ?
በገዛ እጄ ሞርጄ፣ በገዛ እጄ ልመልስ?
ቆይቶ ትዝ አለኝ። ጥርሱን ይስለው ነበር፤
የመጋዙን ጀርባ ግን አይነካውም ነበር።
እጁን የሚያሳርፈው እዚያ ነበር።

ድንጋይ አረጠብኩና፣ መሐሉን ቀስ ብዬ አሸሁት፤
ጥፍሬን እስኪምር ድረስ፣ በትዕግሥት አለዘብኩት።

ሐሙስ። ብርዱ አሥራ ሰባት፣ ከዜሮ በታች።
ፒህላ ከሐዲዱ ጎን፣ እጇን ከብብቷ ሸጉጣ ቆማለች።
ዘለልኩ። ጫፉን አየሁ።
ሹልክ የሚል ረዥም ድምፅ፤ ሌላ ነገር አልነበር፤
ስድስት ሜትር ብረት፣ ከሥሬ እንደ ሐር ሲተረተር።
ወረድኩ። ቆምኩ። ከዚያ፣ ቆሜ ሳለሁ፣ ያለ ምክንያት ወደቅኩ።
«ይኼኛው አይቆጠርም» አለች ፒህላ። ሳቅኩ።

ቤት ገብቼ ጠርዙን በፎጣ አደረቅኩ፤
የተቦጨቀ ካለ ብዬ፣ ጥጥ አለፍ አለፍ አደረግኩ።
አንድ ቦታ ጥጡ ቀረ፤ ከግራ ተረከዜ አጠገብ፣
ምስር የምታህል ዝገትም ከጎኑ፣ እንደ ነጠብጣብ።
ሁለቱንም ፋቅኳቸው።
ሞረዷን በጨርቅ ጠቅልዬ ከኮቴ ኪስ አኖርኳት፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወደ ሥራ ይዣት ወጣሁ ያን ዕለት።
በረዶ እየጣለ ነው። ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፣
ሰባት ቁጥር፣ ዓይኑን አርቆ፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል።